ለስፖርት ገጽ አርታኢነት ፈተና ተጠራሁ፤ ሬዲዮኑን ትቼ ሀዋሳ ልሂድ?

ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣

የ28 ዓመት ወጣት ነኝ። በጋዜጠኝነት ተመርቄ ላለፉት አራት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ የስፖርት ዝግጅት ላይ እሠራለሁ። የአውሮፓ እግር ኳስ ዜናዎችን ከእንግሊዝኛ እየተረጎምኩ አነባለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሀገር ውስጥ ጨዋታዎችን ውጤት እከታተላለሁ። ደሞዜ ብዙ ባይሆንም ሰው ድምፄን ያውቀዋል፤ ታክሲ ውስጥ «የሬዲዮዋ ልጅ አይደለሽም?» የሚለኝ አይጠፋም።

ባለፈው ወር ሀዋሳ ላይ የሚዘጋጅ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ የስፖርት ገጽ አርታኢ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አውጥቶ አመለከትኩ። ለጽሑፍ ፈተና ጠርተውኛል፤ ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል። በስልክ እንደነገሩኝ ደሞዙ ከአሁኑ በትንሹ ከፍ ይላል። ሥራው የሁለት ዘጋቢዎችንና የጥቂት ተባባሪ ጸሐፊዎችን ጽሑፍ ማረም፣ ርዕስ ማውጣትና ገጹ ማተሚያ ቤት እስኪገባ መከታተል ነው።

ልቤ ግን ለሁለት ተከፍሏል። አለቃዬ «አርታኢ ማለት ስሙ የማይታይ ሰው ነው፤ ራስሽን ልትቀብሪ ነው» አለኝ። ጓደኞቼ «በዚህ ዘመን ጋዜጣ ማን ያነባል?» ይሉኛል። ከዘጋቢዎቹ አንዱ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ስፖርት ሲዘግቡ የኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። የእርሳቸውን ጽሑፍ በምን አፌ ነው የማርመው? በዚያ ላይ ሴት ነኝ፤ «ኳስ የት ታውቂና» የሚል አይን ገና ከአሁኑ ይታየኛል። እናቴ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ብቻዋን ልትቀር ነው፤ እሱም ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። «ሂጂ ልጄ» ትለኛለች፤ ስትለኝ ግን ፊቷን ታዞራለች።

እውነቱን ለመናገር የተሳሳተ ውጤት በሬዲዮ ሲነበብ ስሰማ ሆዴን ይቆርጠኛል። የሰው ስም ተጣሞ ሲነገር እስኪስተካከል ድረስ አላርፍም። ይሄ ብቻውን ለሥራው ይበቃኛል ወይ? ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ? ፈተናውስ ምን ሊመስል ይችላል?

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

•

ውድ እህቴ፣

ከደብዳቤሽ ውስጥ ቆም ብዬ ያሰብኩበት መጨረሻ ላይ ያስቀመጥሻትን ነገር ነው። የተሳሳተ ውጤት ሲነበብ ሆድሽን የሚቆርጥሽ ከሆነ፣ ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልገው ሁሉ ማስታወቂያ ላይ የማይጻፈውን አንዱን ይዘሻል። ብቻውን ይበቃል ወይ ላልሽው ግን አይበቃም። የሚያልፍ ስህተት ሰምቶ መናደድ አንድ ነገር ነው፤ የሰው ስህተት ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሳይናደዱ፣ አንድ በአንድ እየለቀሙ ማምሸት ደግሞ ሌላ። ስለዚህ ልሂድ ወይስ ልቅር ከሚለው በፊት፣ ጠረጴዛው ላይ ምን እንደሚጠብቅሽ አብረን እንይ።

በመጀመሪያ ስልክ ደውለሽ አንድ ነገር አጣሪ፤ የሚፈልጉት አርታኢ ነው ወይስ አራሚ? በአንዳንድ ዝግጅት ክፍል ሁለቱ በአንድ መጠሪያ ይጠራሉ። አራሚ ገጹ ከተቀናበረ በኋላ የፊደል ግድፈት ይለቅማል፤ ጽሑፉን መመለስ፣ ማሳጠር፣ «ይህ ዜና አይወጣም» ማለት አይችልም። አርታኢ ግን ጽሑፉ ወደ ገጽ ቅንብር ከመሄዱ በፊት ይይዘዋል፤ ዘጋቢውን ይጠይቃል፤ መግቢያውን ያስተካክላል፤ ርዕስ ያወጣል፤ ከታተመም በኋላ ተጠያቂ ነው። ተጠያቂነቱን ሰጥተው ሥልጣኑን የሚነፍጉ ከሆነ ሥራው ያቃጥልሻል። «አንድ ጽሑፍ ላይ ከዘጋቢው ጋር ባንስማማ የመጨረሻው ቃል የማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ የዋና አዘጋጁ ወይም የምክትሉ ከሆነ ችግር የለውም። «እየተመካከራችሁ ትሠራላችሁ» ብቻ ከሆነ ግን ሥልጣኑን በሥራ ዝርዝርሽ ላይ ያስፍሩልሽ።

አሁን ወደ ዕለት ሥራው እንምጣ። አንቺ ከትርጉም የመጣሽ ስለሆነ ለገጹ ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከትርጉም መሆኑን ሳታውቂው አትቀሪም። ሬዲዮ ላይ የተነገረ ስህተት ከአየሩ ጋር ያልፋል፤ ጋዜጣ ላይ የወጣው ግን ተቆርጦ ይቀመጣል፤ ነገ ሌላ ጸሐፊ እንደ ማስረጃ ይጠቅሰዋል። እስቲ ይቺን ዓረፍተ ነገር ተመልከቺ፦

«በቀለ ነሐሴ 26 ቀን 1997 ዓ.ም. ብራሰልስ ላይ በተካሄደው የ10 ሺህ ሜትር ውድድር 26.17.53 በሆነ ሰዓት በመግባት የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህ ሰዓት እስካሁን በማንም አልተደፈረም።»

አቀላጥፎ ይነበባል፤ የፊደል ግድፈትም የለበትም። ግን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ታሟል። የሮጠው ቀነኒሳ ነው፤ በቀለ አባቱ ናቸው። የውጭ የዜና ወኪሎች ሰውን በሁለተኛ ስሙ ስለሚጠሩ ተርጓሚው እንዳለ አወረደው። ቀኑ ደግሞ ግማሹ ከፈረንጅ፣ ግማሹ ከእኛ ነው፤ ኦገስት 26 «ነሐሴ 26» ተባለና ዓመቱ ብቻ ተለወጠ። ትክክለኛው ነሐሴ 20 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። ሰዓቱ መጻፍ የነበረበት 26:17.53 ተብሎ ነው፤ ሁለት ነጥቡ ደቂቃን ከሰከንድ፣ አንዱ ነጥብ ሰከንድን ከመቶኛው ይለያል። «የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ» የሚለው ደግሞ የማንን ለሚል አንባቢ መልስ የለውም፤ ቀነኒሳ ያሻሻለው ከአንድ ዓመት በፊት ኦስትራቫ ላይ ያስመዘገበውን የራሱን 26:20.31 ነበር። መጨረሻው ደግሞ ጭራሽ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ መስከረም 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ቫሌንሲያ ላይ 26:11.00 ገብቶ ክብረ ወሰኑን ወስዶታል።

በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር አምስት ጥፋት ማለት ነው። ይህን ስታነቢ ደስ የሚል የማደን ስሜት ተሰማሽ ወይስ ደከመሽ? ለራስሽ በእውነት መልሺ። ለእኔ ከደሞዙም ከከተማውም በላይ የሚመዝነው ይሄ ነው።

ፈተናው እንደየቤቱ ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ግን እንዲህ የተበላሸ ጽሑፍ ሰጥተው አርሚ ይሉሻል፤ ረዘም ያለ ዘገባ በግማሽ አሳጥሪ ይሉሻል፤ ከእንግሊዝኛ አጭር ዜና ሊያስተረጉሙሽ፣ ለሦስት ለአራት ዜና ርዕስ ሊያስወጡሽ ይችላሉ። ሁለት ሳምንቱ ከተጠቀምሽበት ይበቃል። በየቀኑ አንድ የትርጉም ዜና አትሚና በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ጊዜ አንብቢ። በመጀመሪያው ንባብ ምንም አትንኪ፤ ነገሩ ገብቶሻል ወይ ብቻ በዪ። በሁለተኛው ስምና ቁጥር ብቻ እያከበብሽ ሂጂ፤ እያንዳንዱን ክብ ሳታጣሪ አትለፊ። ቋንቋውን በሦስተኛው አስተካክዪ። ሰው ሁሉ ከቋንቋው ይጀምርና ዓረፍተ ነገሩን ካሳመረ በኋላ ቁጥሩን ማየት ይረሳል። ያማረ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተደበቀ የተሳሳተ ቁጥር ደግሞ ለዓይን አይጋለጥም።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር በደንብ ያዢው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ልዩነቱ 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን። ሴፕቴምበር ነው ብሎ 7 የቀነሰ ሰው 1953 ይልና በአንድ ቀን ምክንያት ዓመት ይስታል። የቶኪዮ ድሉ ግን በ1964 ኦክቶበር ስለሆነ 7 ተቀንሶ 1957 ይሆናል። ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው በ1962 ጃንዋሪ ነው፤ 8 ይቀነስና 1954። በእነዚህ ሦስት ቀኖች ራስሽን ከፈተንሽ ሌላው ይቀልሻል። እርግጠኛ ካልሆንሽ «እ.ኤ.አ.» ብለሽ እንዳለ መተው ከግማሽ ልወጣ ይሻላል።

የጨዋታ ሰዓትም በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያሳስት ነገር አለው። በአውሮፓ ሰዓት የሚቀየረው ኦክቶበርና ማርች የመጨረሻ እሁድ ነው፤ የእኛ አይቀየርም። እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በእነሱ አቆጣጠር በ3 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ በበጋቸው እኛ ጋ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። የቻምፒየንስ ሊግ የምሽት ጨዋታም ከ4 ሰዓት ወደ 5 ሰዓት ይሄዳል። ያለፈውን ሳምንት ፕሮግራም ቀድቶ ቡድኖቹን ብቻ የለወጠ ጸሐፊ በዚያ ሳምንት አንባቢውን በሙሉ ያሳስታል።

ስም ላይ ደግሞ ከውጭው ይልቅ የራሳችን ይከብዳል። የሯጩ የዮሚፍ ቀጀልቻ ስም በእንግሊዝኛ በ«ኬ» ይጻፋል፤ ዮሚፍን የማያውቅ ሰው «ከጀልቻ» ብሎ ይመልሰዋል። ጾታም አለ። እንግሊዝኛው «ኃይሉ አሸነፈች» አይልም፤ ግሡ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ግላስጎው ላይ በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና በ1500 ሜትር ወርቅ ያገኘችውን ፍሬወይኒ ኃይሉን «ኃይሉ አሸነፈ» ብሎ መጻፍ ለማያውቅ ተርጓሚ ቀላል ነው፤ ለአንባቢ ግን ስድብ ነው። ሌላም አለ፤ «ከ53 ማይክሮ ሰከንድ» የሚለውን አነጋገር ስንት ጊዜ ሰምተሻል? ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ በሩጫ ሰዓት ከነጥቡ በኋላ ያሉት ሁለት አሃዞች ግን መቶኛ ናቸው። አንቺ ከገባሽ ይህን ከገጹ አውጪልን።

ለፈተናው ከሚረዱሽ ነገሮች አንዱ የደረጃ ሰንጠረዥ መፈተሽ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለእያንዳንዱ ቡድን ድል፣ አቻና ሽንፈት ተደምሮ የተጫወተውን ብዛት መስጠት አለበት፤ ድሉ በሦስት ተባዝቶ አቻው ሲደመርበት ነጥቡ ይመጣል። 12 ተጫውቶ 6 ያሸነፈ፣ 4 አቻ የወጣና 2 የተሸነፈ 22 ነጥብ ሊኖረው ይገባል። ከዚያ ዓምዶቹን ወደ ታች ደምሪ። የሁሉም ድል ከሁሉም ሽንፈት እኩል መሆን አለበት፤ የአቻው ድምር ያለ ቀሪ ለሁለት መካፈል አለበት፤ ሁሉም ያስቆጠሩት ግብ ከተቆጠረባቸው ግብ ጋር መተካከል አለበት፤ የግብ ልዩነቱም ሲደመር ዜሮ መምጣት አለበት። አንዱ ካልመጣ ስህተቱ እዚያው ገጽ ላይ አለ። ነጥብ የተቀነሰበት ክለብ ካለ ግን የእሱ ነጥብ ከስሌቱ ስለሚያንስ፣ ከሰንጠረዡ ሥር በአንድ መስመር ይገለጽ።

ሀዋሳ ላይ ስትሠሪ የአካባቢውን ስም ሥርዓት ማስያዝ ያንቺ ሥራ ይሆናል። ከተማዋ ሁለት የታወቁ ክለቦች ስላሏት «የሀዋሳው ክለብ» ብሎ ርዕስ ማውጣት አይቻልም፤ ሀዋሳ ከተማ ነው ወይስ ሲዳማ ቡና? በ1996 እና በ1999 የሊጉን ዋንጫ ያነሳው ቡድን በቆዩ ጽሑፎች «አዋሳ ከነማ» ይባላል፤ ዛሬ ሀዋሳ ከተማ ነው። መከላከያ ይባል የነበረው ክለብም መቻል ሆኗል። የድሮ ታሪክ ሲጻፍ የዘመኑን ስም አስቀምጠሽ የአሁኑን በአጭሩ አስከትዪ። የክለቦች፣ የተጫዋቾችና የውድድሮች ስም አጻጻፍ የሰፈረበት አንድ ገጽ መመሪያ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረሽ አዘጋጂ። አርሰናል ነው አርሴናል፣ ማንችስተር ነው ማንቸስተር? የትኛውም ይሁን፤ ከገጽ ገጽ ግን አይለዋወጥ። ስትፈተኚ «መመሪያ አላችሁ?» ብለሽ ብትጠይቂ ራሱ ነጥብ ያስገኝልሻል።

የሳምንታዊ ጋዜጣ ትልቁ ፈተና ግን ጊዜ ነው። ጋዜጣው በየትኛው ቀን ይወጣል? ገጹስ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ይዘጋል? ማተሚያ ቤቱ እዚያው ከተማ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? ዓርብ ማታ የሚዘጋ ገጽ የቅዳሜና የእሁድን ጨዋታ አይዝም፤ ሰኞ የሚያነበው ሰው ደግሞ ውጤቱን በስልኩ ካየ ሁለት ቀን ሆኖታል። ስለዚህ «ዛሬ»፣ «ትናንት»፣ «ነገ» የሚሉ ቃላት በገጹ ላይ አይኑሩ፤ በቀን ስም ተኪያቸው። ዘገባውም ማን አሸነፈ ሳይሆን ለምን አሸነፈ ወደሚለው ይሂድ። ጓደኞችሽ ጋዜጣ ማን ያነባል ላሉሽም መልሱ እዚህ ጋ ነው። የሪያል ማድሪድን ዜና ለመፈለግ ጋዜጣ የሚገዛ ሰው የለም፤ አይመጣምም። የወረዳውን ውድድር፣ የሴቶቹን ቡድን፣ ከታችኛው ሊግ ያደገውን ልጅ ግን በቂ ቦታ ሰጥቶ የሚጽፍለት ሌላ የለውም። ሙሉ ገጹ ከአውሮፓ የተተረጎመ ከሆነ የጓደኞችሽ ስጋት እውነት አለው። ያለፉትን ስምንት ዕትሞች ፈልገሽ የአካባቢው ዜና ስንት እጅ እንደሆነ በዓይንሽ ለኪ።

ገጹ ሲዘጋ ደግሞ ኮምፒዩተር ላይ አይተሽ አትርኪ፤ በወረቀት አሳትሚው። ዘጋቢው በቴሌግራም የላከው ጽሑፍ በዩኒኮድ፣ ማለትም ስልክና ኮምፒዩተር ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ ነው፤ የገጽ ቅንብሩ በቆየ ፎንት የሚሠራ ከሆነ ሲገለበጥ ፊደላት ይቀየራሉ ወይም ሳጥን ይሆናሉ። እንደ ኳ፣ ቋ፣ ጓ ያሉትን በተለይ እያቸው፤ በስፖርት ገጽ ላይ ኳ የሌለበት አንቀጽ የለምና። 2:06:26 የሚለው ሰዓት በመስመር መጨረሻ ለሁለት ተሰብሮ እንዳይሆን፣ የፎቶ መግለጫው ከፎቶው ጋር መገናኘቱን፣ «ወደ ገጽ 14 ዞሯል» የተባለው በእርግጥ ገጽ 14 ላይ መገኘቱን አረጋግጪ። የገጹ አናት ላይ ያለው ቀን ያለፈው ሳምንት ሆኖ የሚወጣው ሁልጊዜ ማንም ስለማያነበው ነው።

ስለ ትልቁ ሰው ያነሳሽው ነገር ከሁሉም በላይ ስሜቴን ነክቶታል፤ ምክንያቱም ታላቅን ማረም በእኛ ዘንድ ቀላል አይደለም፤ ቀላል እንደሆነም አልነግርሽም። እርሳቸው ግን ማንም መዝገብ ውስጥ የማታገኚው እውቀት አላቸው። የትኛው ተጫዋች ከየት ሰፈር እንደወጣ፣ ሜዳው መቼ እንደታደሰ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ያውቃሉ። ከጽሑፋቸው በፊት በዚህ ተጠቀሚ፤ የስም መመሪያውን ስታዘጋጂ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ ጠይቂያቸው። ሲጽፉ ስህተት ካየሽ ሰው ፊት አታንሺው። ጽሑፉን ይዘሽ ሄደሽ «ጋሼ፣ ይቺን ቁጥር ከየት ነበር ያገኘናት? እኔ ጋ ሌላ አለ» በዪ። «ተሳስተዋል» የሚለው ቃል አያስፈልግሽም፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ሳትጠይቂ አስተካክዪ፤ ፍሬ ነገር ግን ሳትደውዪ አትለውጪ፤ አሠልጣኙ በጥቅስ የተናገረውን ደግሞ ጭራሽ አትንኪ፤ ካልጣመሽ ከጥቅስ ወጥቶ በተዘዋዋሪ ይነገር። አንድ ጊዜ ያለ ጥያቄ ለውጠሽባቸው አንቺ ተሳስተሽ ከተገኘሽ አመኔታውን ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይወስድብሻል። ሴት መሆንሽን የሚያነሳ ካለም፣ ክርክር ውስጥ ከመግባት ሰንጠረዡን የሚፈትሽ ሰው ሆነሽ መታወቁ ይቀድማል። ከዚያ ያለፈ ንቀት ከመጣ ግን ቻዪው አልልሽም፤ ቀኑንና የተባለውን ጽፈሽ ይዘሽ ለዋና አዘጋጁ አቅርቢ።

አንድ ያላነሳሽውን ነገር ላንሳ። በክልል ጋዜጣ ላይ ስትሠሪ የቤቱ ቡድን ጫና አለ። ደጋፊው፣ የክለቡ ኃላፊ፣ አንዳንዴ የሥራ ባልደረባሽ «የእኛን ልጆች አትንኪ» ይላል። ሜዳ ላይ ረብሻ ሲነሳ ደግሞ ነገሩ ከኳስ ያልፋል፤ በሀገራችን የደጋፊ ጠብ የብሔር መልክ ይዞ ሰው የተጎዳበት ጊዜ እንዳለ ታውቂያለሽ። አንዲት ግዴለሽ ርዕስ በሚቀጥለው ሳምንት እንግዳውን ቡድን ይዞ የሚመጣውን አውቶቡስ ልታስወግር ትችላለች። እንዲህ ያለ ዘገባ ሲደርስሽ «የእነ እገሌ ደጋፊዎች» ብሎ ሁሉን የሚጠቀልል አነጋገር አውጪ፤ ምን ተፈጸመ፣ የት፣ ማን አየው የሚለውን አስቀምጪ፤ የጨዋታ ኮሚሽነሩን ሪፖርትና የሁለቱንም ክለቦች ቃል ሳትይዢ ጥፋተኛ አትሰይሚ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ውሳኔ ካልወጣም «አልተወሰነም» በዪ። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን ጠይቂያቸው፤ የቤቱን ክለብ የሚነቅፍ ዘገባ ለመጨረሻ ጊዜ ያወጡት መቼ ነው? መልሳቸው ከደሞዙ ይልቅ ስለ ቤቱ ብዙ ይነግርሻል።

ስለ ስምሽ እንነጋገር። አለቃሽ ያሉት ግማሽ እውነት ነው፤ የአርታኢ ስም ከጽሑፍ ራስ ላይ አይወጣም። ታክሲ ውስጥ የሚያውቅሽ ሰው ቢቀር ምን ያህል ይከፋሻል? ቢከፋሽ አያሳፍርም፤ ድምፅ የአራት ዓመት ልፋት ነው። ግን የግድ አንዱን መምረጥ የለብሽም። በትንሽ ዝግጅት ክፍል ውስጥ አርታኢ በስሙ ዓምድ ሲይዝ አዲስ ነገር አይደለም። ከመፈረምሽ በፊት በሳምንት 400 ቃል ያህል የምትጽፊበት ቦታ ጠይቂ። ያንን ዓምድ ግን ሌላ ሰው ያርምልሽ፤ የራሱን ጽሑፍ የሚያርም ሰው የሚያነበው የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ነው።

ወደ ውሉ ስንመጣ፣ በቃል የተነገረሽን ሁሉ በወረቀት እስኪመጣ አትቁጠሪው። የክልል መንግሥት ተቋም ከሆነ የራሱ የሠራተኞች ደንብ ሊኖረው ይችላልና ጠይቂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ከሆነ የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል ቀን በሁለት ተኩል እጥፍ ይታሰባል። የስፖርት ገጽ ሥራ የሚበዛው ሌላው ሰው በሚያርፍበት ሰዓት ስለሆነ ይህ ስሌት ያንቺን ኑሮ ይነካል። እሁድ ከሠራሽ ዕረፍትሽ የትኛው ቀን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ደሞዙ «በትንሹ ከፍ ይላል» ያልሽው ደግሞ አዲስ የቤት ኪራይና ወደ አዲስ አበባ መመላለሻ ሲቀነስበት ምን እንደሚቀር በወረቀት አስልተሽ እዪው። አሁን ከእናትሽ ጋር ስለምትኖሪ የማታወጪው ወጪ ነው።

እናትሽ ፊቷን ስታዞር ምን እያሰበች እንደሆነ ጠይቀሻታል? ብቸኝነቱን ይሆናል፤ ምናልባትም የወንድምሽን ፈተና፤ ወይም አንቺ እንዳትቀሪ ብላ የደበቀችው የጤና ነገር። «ሂጂ» ብላሻለችና ጉዳዩን ዘግተሽ አትነሺ፤ አንድ ምሽት ቡና አፍልታችሁ በግልጽ ተነጋገሩ፤ ወንድምሽም ይኑር፤ ቤት የሚቀረው እሱ ነውና። ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ናት፤ ጠዋት ተነስተሽ በቀኑ የምትደርሺበት መንገድ ነው። ገጹ የሚዘጋበት ቀን ከታወቀ በየሁለት ሳምንቱ የትኞቹን ሁለት ቀናት ቤት እንደምታድሪ መናገር ትችያለሽ። እናት «እመጣለሁ» ከሚለው ይልቅ የተቆረጠ ቀን ስትሰማ ይቀላታል። ጋዜጣው የሚቸኩል ካልሆነ ሥራ የምትጀምሪበትን ቀን ከወንድምሽ ፈተና በኋላ እንዲያደርጉልሽም ጠይቂ፤ ቢበዛ አይሆንም ይሉሻል።

እኔን «አንቺ ብትሆኚስ?» ብትዪኝ፣ ፈተናውን ያለ ማመንታት ተፈተኚ እላለሁ። ፈተናው ከሬዲዮው አያስወጣሽም። ካለፍሽ ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት አንድ ገጽ የሚዘጋበትን ምሽት አብረሻቸው ለመቀመጥ ፈቃድ ጠይቂ፤ ከሥራሽ አንድ ቀን ፈቃድ ወስደሽ ሂጂ። ማን ማንን እንደሚጠይቅ፣ ዘጋቢው ሲደወልለት ስልክ እንደሚያነሳ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የመጣ ውጤት ምን እንደሚደረግ፣ ስህተት ሲገኝ እንደሚጯጯሁ ወይም ዝም ብለው እንደሚያርሙ ተመልከቺ። ሴት ሠራተኞች ካሉ ማታ እንዴት ወደ ቤት እንደሚሄዱ ጠይቂያቸው፤ ሰርቪስ አለ ወይስ በራሳቸው? ያለፈው ዕትም ስህተት ሲኖረው ማረሚያ አውጥተው እንደሆነም እዪ። ማረሚያ የማያወጣ ጋዜጣ ለአርታኢ አይመችም።

ያንን ምሽት ስትጨርሺ ደክሞሽም ቢሆን «ያ ርዕስ እንዲህ ቢሆን ኖሮ» እያልሽ ከወጣሽ ሥራውን ተቀበዪ። ሰዓትሽን እያየሽ ካመሸሽ ደግሞ ሬዲዮሽ ይሻልሻል፤ እዚያም የተሳሳተ ውጤት ከመነበቡ በፊት የሚያይ ሰው ያስፈልጋልና ለአለቃሽ ይህን ሥራ በኃላፊነት ስጡኝ ማለት ትችያለሽ። የምትሄጂ ከሆነ የቅጥር ደብዳቤው በማኅተምና በፊርማ እጅሽ ሳይገባ የመልቀቂያ ማመልከቻ አታስገቢ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት እንዳለበት አዋጁ ይደነግጋል፤ ሀዋሳዎቹ የሥራ መጀመሪያ ቀን ሲጠይቁሽ ይህን ወር ቆጥረሽ ንገሪያቸው።